በወንዙ መንገድ ላይ የተከራየነው ቤት

ቤታችን ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ዝቅ ይላል። ሲሠራ ግን እንዲህ አልነበረም አሉ። ፊት ለፊታችን ትንሽ ሱቅ ያለው የመናዊ እንደሚለው፣ ዱሮ ወደዚያ ቤት የሚገባው ሁለት ደረጃ ተወጥቶ ነበር። በኋላ መንገዱ አስፋልት ለበሰ። አስፋልቱ ሲያረጅ እሱን ቆፍሮ ማንሣት ማን ይወዳል፣ በላዩ ሌላ ደረቡበት። ያም ሲያረጅ ሌላ። መንገዱ ወደ ላይ አደገ፣ ቤቱ ባለበት ቀረ። እኔ ስከራየው ቁልቁል ወርጄ ነው የገባሁት። ደላላው «ዝቅ ስላለ ይቀዘቅዛል» አለኝ። የጅዳን ሙቀት የቀመሰ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሰፈሩ ጉለይል ነው። ከወደቡ ስለማይርቅ ነፋሱ ከባሕር ሲነፍስ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። እኔ በገባሁ ጊዜ ግማሹ ፈርሶ ነበር። ከኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ግድግዳቸው ላይ በቀይ ቀለም «ይለቀቅ» የሚል የተጻፈባቸው ቤቶች አሉ፤ ከነሱ ወዲያ ደግሞ ቤት የሚባል ነገር የለም፣ የተፈጨ ብሎኬትና የተጣመመ ብረት ብቻ ነው። እኛ ላይ ገና አልተጻፈም። ቢሆንም ከላያችን ያሉት የሁለቱ ፎቅ ተከራዮች፣ ከመባረር በፊት መውጣት ይሻላል ብለው ለቀው ሄደዋል። በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ የቀረነው ሁለት ሴቶች ነን።

አንዷ እኔ ነኝ። ኢቃማ አለኝ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው። ከፊሌ፣ ማለት በስሙ ያስገባኝ ሰውዬ፣ ወረቀቴን እያደሰልኝ ውጭ እንድሠራ ለቆኛል። ሰሜን ጅዳ አንዲት ማዳም ቤት በየቀኑ እየተመላለስኩ አጸዳለሁ። ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «አለሁ» እላለሁ። ከዚያ በላይ የምለው ነገር ካጣሁ ቆየሁ። እግር ሲተኛ እንደሚሆነው፣ ስትነኪው የሌላ ሰው እንደሚመስልሽ፣ እኔ መላ አካሌ እንደዚያ ሆኖ ነው የምኖረው።

ሁለተኛዋ የወሎ ልጅ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። በየመን አድርጋ፣ ባሕሩን በጀልባ፣ ድንበሩን በእግሯ ተሻግራ የገባች። ወረቀት የላትም። መጀመሪያ የተቀመጠችው መካ ነው፣ ተራራ ላይ ከተንጠለጠሉት ቤቶች በአንዱ። ለሐጅ ለሚመጡ እንግዶች የሚከራይ ቤት አንሶላ ታጥብ ነበር። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ መካን አላየሁም። መካን የማውቃት አውራ ጎዳናው ላይ ባለው ታፔላ ነው፣ ሙስሊም ያልሆነ በዚህ ይዙር በሚለው። ስለዚህ ስታወራልኝ አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማት።

«ከፊት ለፊታችን ተራራ ነበር፣ እታለም» አለችኝ አንድ ቀን። «ማሽኑ ድንጋዩን ሲወቅር ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ብቻውን ይሄድ ነበር። ወላሂ! እኔ እየያዝኩ እመልሰዋለሁ፣ እሱ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ተራራው አለቀ። ቦታው ላይ ሆቴል ሠሩ። ከዚያ የኛም ተራራ ተራ ደረሰና ውጡ አሉን።»

«ድንጋዩንስ የት አደረሱት?» አልኳት።

«መኪና ይጭነዋል። ጉድባ ያገኘ ጉድባ ውስጥ፣ ሸለቆ ያገኘ ሸለቆ ውስጥ ይደፋዋል። ወደ ጅዳ ስመጣ በመንገድ አይቸዋለሁ፣ የውኃ መውረጃውን ደፍነውታል።»

«በረሃ ላይ ምን ውኃ ይወርዳል ደግሞ!»

«ሱብሐነላህ! መውረጃ ካለ ውኃ አለ እንጂ፣ እታለም።»

በዚያው መንገድ ሹመይሲንም አይታዋለች። ሹመይሲ በመካና በጅዳ መካከል ነው፤ ወረቀት የሌለው ሰው ተይዞ ወደ አገሩ እስኪጫን የሚቆይበት ቦታ። ያመጣት ሹፌር እዚያ ጋ ሲደርስ «ጎንበስ በይ» ብሏት፣ ጉልበቷ ውስጥ ተቀብራ ነው ያለፈችው። አገር ቤት እናቷ ዘንድ የተወቻት የአራት ዓመት ልጅ አለቻት። «እሷን ትምህርት ቤት ሳላስገባ ሹመይሲ አልገባም» ትል ነበር፤ ሌላ ምኞት ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ባሕሩን ደግሜ የምሻገርበት ወኔ የለኝም ትላለች። ይህች የወሎ ልጅ እንዳትያዝ፣ ያ ብቻ ነበር ነገራችን ሁሉ።

ቤቱን መጀመሪያ ያሳየኋት ቀን ደረጃውን አልወረደችም። መንገዱ መሐል ቆማ ወደ ላይ ታያለች፣ ወደ ታች ታያለች።

«ምነው፣ ዕቃ ጠፋብሽ?» አልኳት።

«እታለም፣ ይሄ እኮ ወንዝ ነው።»

ሳቄ መጣ። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ስለ ወንዝ የማውቀው ቆሻሻ የሚደፋበት መሆኑን ነው። እሷ ግን ከቆቦ በኩል ናት። እነሱ ዘንድ ወንዝ ማለት ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፣ ግመል ይተኛበታል። ዝናቡ እላይ ደጋው ላይ ሲጥል ግን፣ ታች ፀሐይ እንዳለች ጎርፉ ይመጣል። እጄን ይዛ አሳየችኝ። መንገዱ ያለ ምክንያት የሚጠማዘዘው ለምንድነው? እኛ ጋ ሲደርስ የሚሰፋውስ? ከፈረሱት ቤቶች መሠረት ሥር የወጣውን ድንጋይ አንሥታ ሰጠችኝ፤ እንደ ዳቦ ክብና ልስልስ ነው።

«ይሄን ሰው አልጠረበውም፣ ውኃ ነው ያላሸው» አለች። «ደጋው ያ ነው።» በፈረሰው ሰፈር በኩል፣ ወደ ምሥራቅ፣ አቧራ ውስጥ ትንሽ የሚታዩትን ተራሮች በአገጯ አሳየችኝ።

«በይ እሺ፣ አንቺ የወንዝ ሐኪም» ብያት ወደ ቤት አስገባኋት። ከዚያ ወዲህ ስትቀልድብኝም ስቀልድባትም ቤቱን «ወንዙ» ነበር የምንለው።

አሁን ስለ ቁልፉ ልናገር። ጉለይል ውስጥ ወረቀት የሌለው ሰው ያለበት ቤት ቁልፉ ከውጭ ነው። ጀዋዛት፣ ማለት የውጭ አገር ሰው የሚፈትሹት፣ ሰፈር ለሰፈር ሲዞሩ በሩ ላይ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበትን ቤት ሰዎቹ ሥራ ሄደዋል ብለው ያልፉታል። ስለዚህ ኢቃማ ያለው ጠዋት ሲወጣ የሌለውን ቆልፎበት ይሄዳል፤ ማታ መጥቶ ይከፍታል። ይህን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሲሠራበት የኖረ ነው። ማንም አያፍርበትም፣ ማንም እንደ በደል አይቆጥረውም። «ዛሬ ማነው የሚቆልፍልሽ?» ብሎ መጠየቅ ደንብ ነው፤ ምሳሽን ማነው የሚሰጥሽ እንደማለት ያለ ደግ ጥያቄ ነው።

ከቁልፉ ጋር ሕጉም አለ። እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ በአንድ ምሽት፣ አልጋ ላይ ቁጭ ብለን። በር ከተንኳኳ ስልክ ይጠፋል። ቧንቧ አይከፈትም፣ አይሳልም። በአረብኛ ቢጠሩሽ አትመልሺ፣ በአማርኛ ቢጠሩሽ ደግሞ ይብስ አትመልሺ፣ አስተርጓሚ ይዘው ይመጣሉና። በስምሽ ቢጠሩሽም አትመልሺ። «ሞተሻል በቃ» አልኳት። «የሞተ ሰው አቤት አይልም።» ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ለሰው ሁሉ ብቻዬን ነው የምኖረው እላለሁ። ለየመናዊውም። እሷ ቀን ቀን ተቆልፎባት ሳምቡሳ ትሠራለች፣ እኔ በኔ ስም ለሱ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይሸጠዋል። ዳቦ ስገዛ ይቀልድብኛል። «አንቺ ሴት፣ ይህን ሁሉ ብቻሽን ትበያለሽ? ሥጋው የት ነው የሚሄደው ታዲያ?» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ «ሐበሻ ውስጡ ሰፊ ነው» እለዋለሁ። ደግ ሰው ነው። ብነግረው ለማንም እንደማይናገር አውቃለሁ። ግን አልነገርኩትም፤ ሕጉ ለማንም አይነገርም ነው የሚለው።

አንድ ጊዜ የመስኮቱን ፍርግርግ አንዱን ብረት እናላላው ብላኝ ነበር። «ምናልባት ወንዙ ቢመጣ» አለች፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር።

«ሌባ ቢገባስ?» አልኳት።

«ከኛ ቤት ምን ይወስዳል፣ ሽንኩርት?»

«ኧረ ተይኝ እስቲ፣ ደክሞኛል» አልኩና ተኛሁ። ደክሞኝም ነበር።

የጅዳ ዝናብ በዓመት አንድ ሁለቴ ነው የሚመጣው፣ ኅዳር ታኅሣሥ ላይ። ዝናቡ በመጣበት ቀን እንደ ወትሮዬ ቆልፌባት ወጣሁ። ሰማዩ ሰሜኑ ላይ ሥሥ ደመና አለው፣ ምሥራቁ ግን ጥቁር ነው። ረፋዱ ላይ ማዳም ቤት ውስጥ የሁሉም ስልክ ባንዴ ጮኸ፤ ዝናብ ይመጣል፣ ከቤት አትውጡ የሚል መልእክት ነው። ልጆቹ ይህን እንደ ሰሙ እልል ብለው ወጡ። እዚህ አገር ዝናብ ሠርግ ነው፤ ሰው መኪናውን አስነሥቶ ጎርፍ ሊያይ ይሄዳል። እኛ ጋ ካፊያ ብቻ ነበር። ጣራው ግን ለዝናብ ተብሎ የተሠራ ስላልሆነ ያፈስሳል፣ ማዳም ምንጣፎቹን ጠቅልዬ ከሳሎን ወደ ፎቅ እንዳወጣ ነገረችኝ።

ስልኬ ጠራ። እሷ ናት።

«እታለም፣ እዚያ ይዘንባል?»

«ያካፋል። እናንተ ጋስ?»

«የለም፣ ፀሐይ ነው። ግን ሽንት ቤቱ ይንቦቀቦቃል። ውኃው ወደ ላይ ይመጣል።»

«ጨርቅ ጠቅጥቂበት» አልኳትና ዘጋሁት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ እንደገና ደወለች። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር።

«ሰማሁት» አለች።

«ምኑን?»

«ወንዙን። መጣ። በበሩ ሥር እየገባ ነው።»

ከስልኩ ውስጥ እኔም ሰማሁት፤ ብዙ መኪና ባንድ ላይ አቀበት ሲወጣ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ። «አብሽሪ፣ መጣሁ» አልኳት፤ ቃሉ የሷ ነው፣ ከሷ ነው የለመድኩት። ማዳምን «ቤቴ ውኃ ገባ» አልኳት። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም። «ያላ ሂጂ ሂጂ» አለችኝ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሳሎኑ ዞር ብላ «የቀሩት ሁለት ምንጣፎችስ?» አለች። እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ሁለቱን ምንጣፍ ጠቅልዬ ፎቅ አወጣሁ። አንዱ ከባድ ስለነበር ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ማንም አላስገደደኝም። እጄ የለመደውን ሠራ፣ እኔ አብሬው ሄድኩ። ከወረድኩ በኋላ ነው ቦርሳዬን ያነሣሁት።

አውቶቡስ ቆሟል። አንድ ፓኪስታናዊ ባለታክሲ ለምኜ ገባሁ። ወደ ደቡብ በሄድን ቁጥር ዝናብ ሳይኖር መንገዱ ላይ ውኃው ይጨምራል። እሷ ያለችው ሁሉ በመስኮቱ ይታየኝ ነበር። ውኃው ከምሥራቁ ተራራ ወርዶ ወደ ባሕር መሄድ ነው የሚፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈለገም። ግን በመንገዱ ላይ ከተማ ተቀምጦበታል። አውራ ጎዳናዎቹ ከፍ ብለው ስለተሠሩ ግድብ ሆነውበታል፣ ጥግ ጥጉን ይዞ መሹለኪያ ይፈልጋል። መሹለኪያው በድልድይ ሥር የሚያልፈው የመኪና መንገድ ነው። ከድልድዩ አልፎ ደግሞ ዱሮ ባሕር የነበረው ቦታ በአፈር ተሞልቶ ሕንፃ ቆሞበታል። ስለዚህ ውኃው መጥቶ መጥቶ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ፣ እኛ ጋ፣ ይተኛል።

ታክሲው ውስጥ ሆኜ ደወልኩላት። አነሣች።

«አልጋው ላይ ወጥቻለሁ። ጉልበቴ ጋ ደርሷል። ማቀዝቀዣው ተንሳፈፈ፣ እታለም፣ እንደ ጀልባ!» ልትስቅ ሞከረች።

«ዱላቡ ላይ ውጪ» አልኳት፣ የልብስ ሳጥኑ ላይ ማለቴ ነው። «መጣሁ። ቅርብ ነኝ።»

ቅርብ አልነበርኩም። ደግሞም ጩኺ አላልኳትም። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ከውጭ እንዳንታይ መስኮቱ ላይ የለጠፍነውን ካርቶን ቀድደሽ ሰው ጥሪ፣ በሩን ደብድቢ፣ አላልኳትም። ልበል ብዬ የተውኩት እንዳይመስልሽ፤ አፌ ላይ አልመጣም። ሕጉ እንደ ውዳሴ ማርያም አፌ ውስጥ ተቀምጦ ሌላ ቃል አያሳልፍም ነበር።

ታክሲው አንድ ድልድይ ሥር ሲደርስ ቆመ። ከፊታችን የመኪኖች ጣራ ብቻ ነው የሚታየው። ሹፌሩ «ኻላስ» አለ፣ በቃ ማለቱ ነው፣ እኔም ወረድኩ። ጫማዬን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በድልድዩ ላይ ተሻግሬ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ሰዎች አጥር ላይ ወጥተው በስልካቸው ቪዲዮ ይቀርፃሉ። አንድ አሮጌ ሶፋ ከነትራሱ እያለፈ ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እንደገና ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሣችም። አሁንም ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው አለኝ።

እዚያ ላይ ሰው ምን ይሰማዋል ብለው የጠየቁኝ አሉ። ምንም። አልሮጥኩም፣ በዚያ ውኃ ውስጥ መሮጥም አይቻልም። ስልኩ ውኃ ገብቶበት ነው ወይስ እሷ ናት ውኃው ውስጥ የገባችው የሚል ሐሳብ መጣ፣ እንደ መጣ ሄደ። ስለ ልጇ አሰብኩ፤ እናቷን በምን ቃል እንደማረዳ አሰብኩ፣ ስልክ ቁጥራቸው እንዳለኝም ከስልኬ ውስጥ ፈልጌ አረጋገጥኩ። እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ አልኩ ለራሴ። እግሬ ይሄዳል።

ሰፈራችን ስደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር፣ ፀሐይዋም እንዳለች ናት። ውኃው መንገዱ ላይ ጎድሎ ታፋዬ ጋ ነው። ግድግዳዎቹ ላይ የደረሰበትን ልክ በጭቃ ትቷል፤ ትከሻዬን ያልፋል። የኛን መስኮት አልፎታል። የመናዊው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ የረጠበ ሩዝ በባልዲ ያወጣል። ሲያየኝ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ቤት አልነበርሽም!» አለኝ። አረብኛው ፈጣን ነው፣ ግን ሁሉም ገባኝ። ነፍስ አድን ሰዎች በጎማ ጀልባ መጥተው ነበር። ቤት ለቤት እያንኳኩ ሰው አወጡ። የኛንም በር ከውኃው በላይ የቀረውን ጫፍ ደበደቡ፣ በድምፅ ማጉያ «ሰው አለ?» ብለው ደጋግመው ጠሩ። ዝም አለ። «ከዚያ እኔን ከጣራው ላይ አዩኝና ጠየቁኝ። አንዲት ሐበሻ ብቻዋን ትኖርበታለች፣ ጠዋት ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፋው ሥራ ትሄዳለች፣ አልኳቸው። እነሱ ግን ለማንኛውም ብለው በብረት ሊሰብሩት ነበር። እኔ ነኝ ያስጣልኳቸው! የድሃ በር አትስበሩ፣ ውኃው ሲጎድል ሌባ ይገባባታል፣ አልኳቸው።»

ቆሞ ምስጋናውን ይጠብቃል። ያዳነልኝ በር ያው እንደ ተቆለፈ አለ።

«ሹክረን» አልኩት። እግዚአብሔር ይስጥህ ማለት ነው።

ወደ ደረጃው ሄድኩ። ቤታችን ዝቅ ያለ ስለሆነ መንገዱ ሲጎድል እዚያ አልጎደለም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ውኃው ደረቴ ጋ ነበር። ጓጉንቸሩን ውኃ ውስጥ በዳሰሳ አገኘሁትና ከፈትኩት። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ በትከሻዬ ገፋሁት፣ አልሄድ አለ፣ እንደገና ገፋሁት። ከበስተጀርባው የተንሳፈፈው ፍራሽ ነበር የያዘው። በጎን አድርጌ ገባሁ።

ውስጡ ጨለማ ነው። መስኮቱ በጭቃ ተሸፍኗል። ማቀዝቀዣው በጀርባው ተኝቶ ይንሳፈፋል፣ ሽንኩርት በየቦታው፣ ዱቄቱ ሊጥ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ዱላቡ ጥግ ላይ ቆሟል፣ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ከሱ በላይ እስከ ኮርኒሱ ያለው ክፍተት አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

ጠራኋት። አልመለሰችም።

በስሟ ጠራኋት። አልመለሰችም። ወደ ዱላቡ ተጠጋሁና እጄን ወደ ላይ ሰደድኩ። እግር ነካሁ። ቀዝቃዛ ነው። እግሩ ተሸመቀቀ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ እኮ፣ እኔ።»

ከዚያ ፊቷን ወደኔ አዞረች። በሆዷ ተኝታ፣ ጉንጯን ጣውላው ላይ ለጥፋ ነው ያለችው፤ የኮርኒሱ ጭቃ ጸጉሯ ላይ አለ። ስልኩ በእጇ ነው፣ ጠፍቷል።

«ሄዱ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ሰዎቹ።»

«ሄደዋል። ቆይተዋል ከሄዱ።» ድምፄ የኔ አይመስልም። «ጀዋዛት አይደሉም እኮ። ሊያወጡሽ ነው የመጡት። ጀልባ ይዘው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሰምቻቸዋለሁ። ሰው አለ ወይ ነው የሚሉት።»

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ሲያንኳኩ ውኃው አገጬ ጋ ነበር። ወላሂ፣ እታለም፣ አፌ ሊጮህብኝ ነበር። ግን አውጥተው ወረቀትሽ የታለ ሲሉኝ ምን እላለሁ? ማነው የቆለፈብሽ ቢሉኝስ?» ከደረቷ ሥር አንድ ነገር ጎትታ አወጣች። የጸጉሯ ሻሽ ነው። «ይሄን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነው የቆየሁት። እስኪሄዱ።»

ሰጠችኝ፣ ተቀበልኳት። ጥርሷ የያዘበት ቦታ ተበስቷል። እንድትወርድ ትከሻዬን አስጠጋሁላት፣ እሷ ግን አልወረደችም፤ ከላይ ሆና ታየኛለች፣ ትንሽ ልጅ የሠራችውን ሥራ አሳይታ እንደምትጠብቅ።

«ደግ አደረግሁ፣ እታለም?» አለችኝ።

«ደግ አደረግሽ» አልኳት።